ያልተጠየቀች ታማሚ

ቆቦ ላይ ሰው ከታመመ ይጠየቃል። ባላንጣህም ቢሆን ብርቱካንህን አንጠልጥለህ ትሄዳለህ፣ «አላህ ያሽርህ» ትላለህ፣ ጥቂት ተቀምጠህ ትወጣለህ። ያልጠየቀ ሰው ቂመኛ ነው ይባላል። ስለ ቂም ለእኔ የሚያስተምረኝ አያስፈልግም።

ታሂር እባላለሁ፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዩኒፎርም የለህም ተብዬ ሰልፍ ፊት ተንበርክኬ የዋልኩ ዕለት ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ያንበረከከኝ መምህር ዛሬም እዚሁ ከተማ አለ። እጁን ዘርግቶ ባጃጅ ሲያስቆም እኔ አልቆምለትም።

ራዊያን ያወቅኋት በሥራዬ ነው። ቤቷ በከተማው ጫፍ፣ በሮቢት መውጫ ነው። የምትሠራበት ሱቅ ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ በዋጃ መንገድ። ለገበሬ የሽንኩርት ዘርና የውሃ ሞተር ዕቃ ትሸጣለች። ጠዋት ወስጃት ማታ እመልሳታለሁ።

ልጅ ሳለች ኩራዝ ወድቆ ሻርፗ ተያይዞባት ነበር። ቁስሉ ሲድን ቆዳዋ ተኮማትሮ አገጯን ወደ ደረቷ ሰብስቦ ያዘው። ቀና ማለት አትችልም፤ ሰው ስታናግር ከታች ወደ ላይ በዓይኗ ብቻ ነው የምታይ። ከተማው ይህን አይቶ «ጨዋ ልጅ» ይላታል። ጨዋነቷስ እውነት ነው። ግን አንገቷን ያስደፋት ጨዋነት አይደለም፤ እሳት ነው።

የባጃጄ መስታወት የሚያሳየኝ የሻርፗን አናት ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ታች አዘነበልኩት። ዓይኖቿ መጡ። ማዘንበሌን አየች፣ ምንም ሳትል ወረደች። በማግስቱም አላለችም። ከሰነበተች በኋላ ነው የተናገረች።

«መንገዱን ትተህ እኔን ነው የምታየው።»

«መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«እኔንስ?»

«አንቺን ገና ነኝ።»

ሳቀች። ስትስቅ ጠባሳው ይስባታል፤ ሳቋ አጭር ነው። እኔ አጭሯን ሳቅ ነበር ይዤ የምውል።

ታዲያ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተቀበላት። ሐኪሞቹ የተኮማተረውን ፈትተው፣ ከጭኗ ቆዳ ወስደው አንገቷ ላይ እንደሚተክሉ፣ ከዚያም ወራት የሚፈጅ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት ነገሯት። የሐኪሙን ወረቀት ይዛ የሕመም ፈቃድ ጠየቀች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የታመመ ሠራተኛ እስኪድን ቦታው ይጠበቅለታል። አሠሪዋ ከማሉዲን ግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ለመቆንጀት ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ የት እንዳለ ጠየቃት። ኋላ ሲጨንቀው ፈቃዷን ፈረመ።

ከማሉዲንን አውቀዋለሁ። ድሮ ለጥበቃ ሥራ ብለምነው «ለዘበኛም ፊደል ያስፈልጋል» ብሎ ሰው አስቆብኛል።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ማታ፣ ከቤቷ ደጃፍ ሳትወርድ ቆየች። ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። የከማሉዲን ወሬ በቅቷታል፤ ዳግም የማንም መነጋገሪያ መሆን አትፈልግም።

«አንተም እስክድን እንዳታየኝ» አለች። «ስድን እኔው መጥቼ አይሃለሁ።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ተመልሳ መጥታ ቤት ገባች፤ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እንዳይታጠፍ ድጋፍ ታስሮበት። እናቷ ዘኪያ በሩን ዘጋች። ሐኪሙ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ተጠንቀቁ ብሏል፤ ዘኪያ ደግሞ ቁስሉን የሰው ሽታ ይመታዋል ብላ የጎረቤት ሴት ሳይቀር ከለከለች። ለጠየቃት ሁሉ ልጄ ደሴ ዘመድ ጋ ናት ትላለች። እኔ በዚያ ደጃፍ ሳልፍ ሞተሩን ቀዝቀዝ አደርጋለሁ፣ አልቆምም። ድምፁን ታውቀዋለች ብዬ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የከማሉዲን መኪና ተበላሸና ከወዳጁ ጋር የእኔ ባጃጅ ውስጥ ገባ። እነዚህ ሰዎች ሹፌር ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። በራዊያ ቦታ የሚስቱን የእህት ልጅ አስቀምጧል። ወዳጁ የታመመችው ልጅ ስትመጣስ ምን ልትላት ነው ቢለው ሳቀ።

«ታማ ቢሆን ማን ጠየቃት? ቆቦ ላይ ታሞ ያልተጠየቀ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ልትቆነጅ ነው የሄደች። ይህን ሽማግሌም ዳኛም ይሰማኛል። አሰናብታታለሁ።»

መሪውን ጨበጥኩ እንጂ አልዞርኩም። መክሰስ ትችላለች፣ ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ግን ክስ እስኪያልቅ እሷና እናቷ የሚበሉት ከዚያች ደመወዝ ነው። ሰውየው ሚስጥሯን መሣሪያ አድርጎባታል።

ስልክ ደወልኩላት። የሰማሁትን ነገርኳት፣ ያሰብኩትንም ነገርኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን በስልክ ሳዳምጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በመስታወቱ ቢሆን ዓይኗን አይቼ ባወቅሁት።

«ሰው እንዲያየኝ ነው የምትለኝ?»

«እንዲያዩሽ አይደለም። እንዲጠይቁሽ ነው። ግቢው ውስጥ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንቺ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ጥለሽ ትሰሚያቸዋለሽ።»

ስልኩን ሳትዘጋ ከእናቷ ጋር ስትንሾካሾክ ሰማኋት።

«አምጣቸው» አለች ኋላ። «አንተ ግን አትገባም። ቃልህ ቃል ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ከተማው ሁሉ ግቢዋ ይገባል፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ። ያም ሆኖ በማግስቱ ጀመርኩ። ራዊያ ታማለች፣ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነው የመጣች ብዬ ገበያ ላይ መናገር ብቻ በቃኝ። ሴቶቹ እስካሁን አለመስማታቸው አናደዳቸው። ዘኪያን «አንቺ ጠላት ነን ወይ» እያሉ ወቀሷት። እኔ ያለ ሒሳብ ሳመላልስ ዋልኩ። ከራዊያ ዘር የሚገዙ ገበሬዎች በሥራ ልብሳቸው መጡ። ሁሉም ቁርቁራው ሥር ይቀመጣል፣ ወደ መጋረጃው ዞሮ «አላህ ያሽርሽ» ይላል፤ ከመጋረጃው ጀርባ «አሚን» ይመጣል። እኔ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ «አሚን»ዋን እቆጥራለሁ።

ሀጂ ሙሀመድሰይድም መጡ። በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። ዱዓ አደረጉና ዙሪያውን አይተው ረጋ ብለው ጠየቁ።

«አሠሪዋ ጠይቋት ሄዷል?»

እሳቸውም አልደገሙትም። ያቺ ጥያቄ ግን ከእኔ ባጃጅ ቀድማ ዋጃ መንገድ ደረሰች። ገበሬው ዘር ሊገዛ ሲመጣ ከማሉዲንን ይጠይቀዋል፤ መስጊድ በር ላይ ይጠይቁታል፤ ሚስቱም ሳትቀር ጠይቃዋለች አሉ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መንገድ ዳር አየሁት። አንድ እጁ ብርቱካን ይዟል፣ አንዱን ዘርግቷል። ለማልወደው ሰው አልቆምም ብያችሁ ነበር። ለዚህኛው ቆምኩ። እስኪደርስ አላወራም።

ግቢው ሙሉ ነበር። ሀጂ ሙሀመድሰይድ አጠገባቸው አስቀመጡት። እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ። «አላህ ያሽርሽ ራዊያ» አለ፤ ድምፁ ከወትሮው አንሷል። «አሚን» አለች።

«ደግ አደረግህ» አሉት ሽማግሌው። «የታመመች ሠራተኛህን ጠየቅህ። ቦታዋስ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ታማሚ ጠይቆ አልታመመችም ማለት አይቻል።

«ቦታዋ ይጠብቃታል» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ ራዊያ ተናገረች። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። ሰው ሁሉ ሰምቶልኛል።»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። ከማሉዲን ሲወጣ የእኔን ባጃጅ አልፎ በእግሩ ሄደ። ፀሐዩ የቆቦ ፀሐይ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ፈቃዷ ሲያበቃ በማለዳ ደወለችልኝ። ሌሊቱን ክፉ ነገር ሳስብ ነበር ያደርኩ። ቀና ያለ ሰው ሩቅ ያያል፤ ሩቅ ካየች የእኔን ቢጤ ምን ታደርገዋለች አልኩ። ሰው አንዴ ካንበረከኩት ያስባል እንዲህ።

ስደርስ በሩ ላይ ቆማለች። ቀና ብላ። አንገቷ ላይ የተተከለው ቆዳ ቀለሙ ለየት ያለ ነው፣ ጠርዙ ላይ የስፌቱ መስመር ይታያል። ሻርፗን አልሰበሰበችበትም። ወረድኩና ፊቷ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ከዓይኔ ትክክል ነበር። ከእኛ ኋላ አንድ ሚኒባስ ጡሩንባ እየነፋ አለፈ፤ ሁለታችንም አልዞርን።

«አልቆነጀሁም» አለች።

«ማን ቆንጂ አለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ከታች ሳይህ ረጅም ትመስለኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልክህን አየሁ። ይበቃኛል።»

ሳቀች። ሳቋ ረዘመ፤ የሚስባት ነገር የለም። እኔ መቀመጫውን በጨርቅ ወለወልኩ።

ገብታ ተቀመጠች። መስታወቱ እንዳዘነበለ ስለነበር አንገቷን ብቻ አሳየኝ። ከኋላ እጇን ሰደደችና ራሷ አቀናችው። ዓይኖቿ መጡ።

«ሽማግሌ ላክ» አለች። «ሀጂ ሙሀመድሰይድን ላካቸው። ግቢያችንን ለምደውታል።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ከተማው መሃል ስንደርስ መንገድ ዳር አንድ እጅ ተዘረጋ። ያ መምህር ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል። አለፍኩት። ራዊያ ዞራ አየችው፣ አሁን መዞር ትችላለች፤ ከዚያ እኔን በመስታወቱ አየችኝ።

«ምን አድርጎህ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«ዋጃ መንገድ ገና ነው። ንገረኝ።»

ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረግሁና ከሰልፉ ጀምሬ ነገርኳት፤ እሷም እስክንደርስ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ።