ከጥናቱ የወጣው ሰው

ሰብሪና ሙአዝን ያገኘችው ለጥናቷ ስትል ነው። ሐረር ተወልዳ ሀርጌሳ ያደገች፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ከሚነግዱት አጎቷ ከሐጂ የሱፍ ጋር የምትኖር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። የምታጠናው ከአገር አገር እየዞሩ በኢንተርኔት ስለሚሠሩ ሰዎች ነበር፤ ቦታ መቀያየሩ ሥራቸውን ያሻሽለዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ሙአዝ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ሲሆን፣ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት መረጃን ያለ ሽቦ የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞችን ይፈትሻል። ካምፓላ ኖሯል፣ ኪጋሊ ኖሯል፤ የትም ግን ከሦስት ወር በላይ አልቆየም።

መጀመሪያ የተገናኙት አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ነው። ከመንገዱ ማዶ በድሮው የእርስ በርስ ጦርነት በፈረሰ ቤት ቦታ ላይ ፎቅ እየተሠራ ነበርና የሲሚንቶው አቧራ መስኮቱን አልብሶታል። ሰብሪና መጠይቁን በኢሜይል ልትልክለት ስትል ኔትወርክ ጠፋ።

«ችግር የለም» አለ ሙአዝ። «ስልክሽን ከስልኬ አጠገብ አድርጊው፤ በብሉቱዝ ይመጣል።»

ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፋይሉ የሚሄደው ቀስ እያለ ነበር። ስልኮቹን ማንሳት አይቻልም፤ የሚያወሩትም ገና አልነበራቸውም። ሰብሪና ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነው። እሱም አልሸሸ፣ እሷም ፈጥና አላቀረቀረች።

ከዚያ በየሳምንቱ ሐሙስ ተገናኙ።

«በዚህ ሳምንት ሥራህን ያስተጓጎለው ምን ነበር?» ትለዋለች።

አንዴ መብራት ነው ይላል፣ አንዴ ሙቀት፣ አንዴ የግንበኞች መዶሻ። ከሀርጌሳ የሚሄድበት ቀን ሲቃረብ ግን የጁስ ብርጭቆውን ያዞር ጀመር።

«መልስ የለህም?»

«አለኝ። ከነገርኩሽ ግን ጥናትሽ ይበላሻል።»

ሰብሪና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ምን ሊል እንደሆነ ገብቷታል። እሷም ብትሆን ሳምንቱን ሙሉ ሐሙስን ስትጠብቅ ነበር የከረመችው።

በማግስቱ አማካሪዋን ዶክተር ራሕሞን እውነቱን ነገረቻቸው።

«ከጥናቱ ይውጣ» አሉ ዶክተሯ። «በእሱ ምትክ ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ፤ ምረቃሽም ይዘገያል። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ከግቢው ሳትወጣ ደወለችለት።

«ከጥናቱ ወጥተሃል። አሁን መልሱን ንገረኝ።»

«አንቺ ነሽ» አለ። «አንቺን እያሰብኩ ሥራ አልገፋ አለኝ።»

ሰብሪና ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋችው።

«አጎትሽን ላናግራቸው?» አለ ሙአዝ።

ሐጂ የሱፍ ሱቃቸው ውስጥ ተቀብለው አዳመጡት።

«ቢሮህ የት ነው?»

«ቢሮዬ ላፕቶፔ ነው፣ ሐጂ።»

«ዛሬ ሀርጌሳ፣ ነገ ኪጋሊ! እኔ ልጄን ለመንገደኛ አልሰጥም። መቆየት የምትችል ከሆነ ቆይና አሳየኝ፤ ያን ጊዜ ኢንሻአላህ እንነጋገራለን።»

ሙአዝ በረራውን ሰረዘ። ዳሚ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየ። ሐጂ ሳይፈቅዱ አላገኛትም ብሎ ሐሙሱንም ተወ። ሰብሪና አንዳንዴ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ታየዋለች። ሰላምታው አጭር ነው፤ ግን ሁልጊዜ ጥግ ላይ ደርሶ አንዴ ዞር ይላል። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ሌላው ዝናብም መጣ። ሙአዝ አልሄደም።

አንድ ቀን ጠዋት ሐጂ ለማንም ሳይናገሩ ዳሚ ሄደው በሩን አንኳኩ። ሙአዝ በላፕቶፑ ስብሰባ ላይ ስለነበር በእጁ ወንበር ከማሳየት በቀር ምንም ማለት አልቻለም። ሐጂ ተቀመጡ። የማያዩዋቸውን ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ፣ ሲከራከር፣ ተሳስቶ ይቅርታ ሲጠይቅ እስከ ቀትሩ የዙህር አዛን ድረስ ተመለከቱት። ከዚያ ተነሡ።

«ሠራተኛ ነህ» አሉት። «ሽማግሌ ላክ።»

ቤት ሲደርሱ ሰብሪናን ጠሩ።

«ዓርብ እንግዶች አሉን።»

ሰብሪና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«ግን ልጄ፣ ከኒካሁ በኋላ ያንን መዞሩን ቢጀምርስ?»

«ከጀመረ አብሬው እዞራለሁ፣ አጎቴ።»

ሐጂ ወደ ማጀቱ በኩል ገልመጥ አሉ።

«አክስትሽ ሳሊሃም ከሐረር ስንወጣ እንዲህ ነበር ያለችኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይኸው፣ አልተጸጸተችም።»

«ማን ነገረህ!» አሉ ባለቤታቸው ከማጀት፤ ሰብሪናም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።