በወንድም እንጨት የሞቀ ቤት

ወላሂ፣ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። የዚያን ለት ቦሩ ሜዳ ላይ ውርጩ ከመክፋቱ የተነሳ፣ ጎህ ሲቀድ የጮኸው አውራ ዶሮ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ረግቶ፣ የተሰማው ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያቀልጠው ነው።

ያን ጊዜ አቶ ዘይኑልአቢዲን ከብረት ምድጃቸው አጠገብ ሞተው ተገኝተዋል። የመብራት መስመር ያልደረሰው ቤታቸው በእንጨት ይሞቃል፣ በሶላር ይበራል። ከደሴ የተጠራችው መርማሪ ረውዳ ጣሪያው ላይ ወጥታ ከጭስ ማውጫው ውስጥ የተወተፈ ጆንያ መዥርጣ አወጣች።

የሟች ወንድሞች ግን ፍርዳቸውን ጨርሰዋል። «ቤት ውስጥ የነበረች ሚስቱ ብቻ ናት። ዛሬውኑ እሰሪልን።»

ረውዳ ሚስትዮዋን ፈትሂያን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «ለምን አብረሽው አልተኛሽም?»

«ጭስ አይስማማኝም፣ እህቴ። ጓዳ ነው የምተኛ። ትላንት ገበያ ውዬ ደክሞኝ መብራቱን እንኳ ሳላጠፋ ነው ያሸለብኩ። ጧትም ቦግ እንዳለ አገኘሁት።»

«ሁልጊዜ ያድራል?»

«የት አባቱ። የውቂያው ገለባ ሶላሩን ከሸፈነው ወዲህ እራት ሳንበላ ነው የሚጠፋብን።»

እንጨት ፈላጩ ሞላ ተከተለ። «ሟቹ ማታ ደውለው ‹እርጥብ ፈልጠህ ቤቴን በጭስ ሞላኸው› ብለው ሰደቡኝ። ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው እኮ። በሐሰት ምለው ሶላሩን ከተከለላቸው ከጁነይድ ወንድም የነጠቁት። ወንድምየው በብስጭት ሞተ።»

ጁነይድ በአጭሩ መለሰ። «ከረመዳን ወዲህ ያን ጣሪያ አልረገጥኩም።»

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ትላንት ጧት ፈትሂያ ገበያ ሄዳ ቤቱ ባዶ ሳለ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጆንያውን ወተፈ። ሟች ጭሱን በእንጨቱ አላክከው ተኙ። ገዳዩ ግን ከመውረዱ በፊት ገለባውን ጠርጓል፤ ሶላሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ጠግቦ መብራቱ አደረ። ሰው ሊገድል ወጥቶ ሶላር የሚወለውል ማን ነው?»

«ማንም ይጠርገዋል» አለ ጁነይድ።

«እጅህን እየው እስቲ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። አጥሩ ላይ የተደገፈውን ትንሽዬ ሶላር በሽርጡ ጫፍ ሲወለውል ቆይቷል።

እጁን ሰበሰበ። «ውርጭ በመጣ ቁጥር በወንድሜ ዛፍ ሲሞቅ አየሁት። በዚያው ይታፈን አልኩ። አንቺን ይይዙሻል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ ፈትሂያ።»

የሟች ወንድሞች አንገታቸውን ደፉ። ፈትሂያ አላየቻቸውም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ገባች።

ጁነይድ መኪና ላይ ሲወጣ «ይጸጽተኛል» አለ።

ይህችን አንዷን ቃል እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩለት። እሱ የጠየቀው «ሲታፈን እንጨቱ የማን እንደሆነ ትዝ ብሎት ይሆን?» ብቻ ነው። የዶሮው ግን እውነት ነው።