የቱኢሌፋ ካርድ

አባባ ላፋኤሌን መሰላል ገደላቸው ተብሎ ሊቀበሩ ምንም አልቀረም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የሳሌሞቱ ሆስፒታል ዘበኛ ሳሙ፣ የካርድ ክፍሉ መብራት ሲበራ እንዳደረ አይቶ በሩን ቢከፍት ሽማግሌው ከመጨረሻው መደርደሪያ ሥር ወድቀዋል። መሰላሉ ከላያቸው ተጋድሟል፤ ዙሪያቸውን ካርድ ተበትኗል፤ ደማቸው ረግቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሕሙማንን ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ሰው፣ ካርዶቹ ሊቃጠሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሞቱ። አርብ ሚኒስትሩ መጥተው ኮምፒውተሩን ይመርቃሉ፤ የጤና አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ከወረቀት ይገላገላል፤ አሮጌው ወረቀትም ከሆስፒታሉ ጀርባ በተቆፈረው ጉድጓድ ይነዳል።

ኢንስፔክተር ፉአቲኖ ከደሴቱ ማዶ በፖሊስ መኪና ስትደርስ ሠራተኞች አስከሬኑን ሊያነሡ ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እርምጃዋ ዝግ ያለ፣ ምላሷ ግን የማይዘገይ ሴት ናት።

«አስቀምጡት። ማን ቸኮለ? እሳቸው እንደሆኑ የትም አይሄዱም» አለች።

ጎንበስ ብላ ዞረች። የሽማግሌው ነጠላ ጫማ እግራቸው ላይ ነው። የመዝሙር መጽሐፋቸው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ መነጽራቸው ከላዩ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ወለሉ በአንድ መስመር ጸድቷል፤ ሌላው ወለል አቧራ እንደጠገበ ነው። መደርደሪያዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። አንዱ ብቻ ከላይ እስከ ታች ተዘርግፏል፤ በ«ቲ» የሚጀምሩ ስሞች ያሉበት።

«ማታ አይተሃቸዋል?» ሳሙን ጠየቀችው።

«አላየኋቸውም እትዬ፤ ሰምቻቸዋለሁ። ሁለተኛው ደወል ሲመታ እንደ ልማዳቸው መዝሙር ጀመሩ። እኔም ጎጆዬ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አብሬ አዜምኩ። መሀል ላይ አቋረጡ።»

«ከዚያስ?»

«እርጅና ነው፣ ስንኙ ጠፍቷቸው ነው አልኩና ብቻዬን ጨረስኩት።» ሳሙ አንገቱን ደፋ። «ብነሣ ኖሮ...»

«ሦስተኛው ደወል መትቶ ነበር?»

«ገና ነበር።»

በሳሌሞቱ የማታ ጸሎት ቀልድ የለውም። በመጀመሪያው ደወል ሰው ወደየቤቱ ይገባል፤ በሁለተኛው ይጸለያል፤ ሦስተኛው እስኪመታ በመንገዱ ላይ ውሻ እንጂ ሰው አይታይም። የመንደሩ ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ መኪና ቢመጣም ያስቆማሉ። ተረኛዋ ነርስና ስድስቱ ሕሙማን በዚያ ሰዓት በአንድ ክፍል ሲጸልዩ ነበር፤ ከመካከላቸው የጎደለ የለም።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ኢሳኮ በቢሮው ተቀበላት። ከዋና ከተማው ከአፒያ የመጣ፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ የሚውል፣ ሰው የሚያከብረው ሐኪም ነው። ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

«አሳዛኝ አደጋ ነው። በዚያ ዕድሜ መሰላል አይወጣም ብያቸው ነበር» አላት።

«ማታ የት ነበሩ ዶክተር?»

«ቤቴ፣ ከአባቴ ጋር ጸሎት ላይ።»

አባትየውን ስትገባ አግኝታቸዋለች፤ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጅዎ ማታ አብሮዎት ነበር ወይ ስትላቸው «አዎ፣ አሁንም አጠገቤ ነው» ብለዋታል። አጠገባቸው ግን ማንም አልነበረም።

«አባባ ላፋኤሌን የሚጠላ ሰው ነበር?»

ዶክተሩ ትንሽ አመነታ። «መናገር አልፈልግም ነበር። ነርስ ላኑኦላ አለች። ከሦስት ሳምንት በፊት አለቃ ቱኢሌፋን ፔኒሲሊን ወግታ ገድላቸዋለች። መድኃኒቱ እንደማይስማማቸው ካርዳቸው ላይ ተጽፏል ይባላል። ሰኞ አጣሪ ኮሚቴው ይቀመጣል፤ ካርዱ ከተገኘ ፈቃዷ ይነጠቃል፣ ምናልባትም ትታሰራለች። ያንን ካርድ ልታጠፋ መጥታ ቢሆንስ?»

«ካርዱ የት አለ?»

«እኔ በምን አውቄ? ካርድ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።»

ላኑኦላ ከመንገዱ ማዶ እናቷ ቤት ናት። ከታገደች ወዲህ ከደጅ አልወጣችም። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግን ፊቷ አርጅቷል።

«ወግቻቸዋለሁ። እክዳለሁ እንዴ? ግን ስክሪኑ ንጹሕ ነበር። ወረቀት አትዩ፣ ኮምፒውተሩን ብቻ እዩ ተብለናል» አለች።

«ኮምፒውተሩ ለምን አላወቀም?»

«የሚያውቃቸው ቱኢሌፋ ብሎ ነዋ። ቱኢሌፋ የአለቅነት ማዕረግ ነው፤ የያዙት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የታከሙት በልጅነት ስማቸው ነበር። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። አባባ ይህን አስቀድመው አይተውታል። ማዕረግ የያዘውን ሁሉ፣ ከነድሮ ስሙ፣ በዝርዝር ጽፈው ለበላይ ሰጥተዋል።»

«ለየትኛው በላይ?»

«አልነገሩኝም። ‹ሰኞ ራሴ ኮሚቴው ፊት ካርዱንም መልሱንም አወጣለሁ፤ አንቺ ብቻ እህል ቅመሺ› አሉኝ።» ወደ ሆስፒታሉ አየች። «አሁን ማን ያወጣልኛል?»

ፉአቲኖ እጇን ጨብጣት ወጣች።

ሮፓቲ የኮምፒውተሩን ሥራ ሊመራ ከአፒያ የተላከ ባለሙያ ነው። ቀጭን፣ ንግግሩ ፈጣን፣ ጥፍሩን የሚበላ። መኪናው አጠገብ አገኘችው።

«ዝርዝር የሚባል አልደረሰኝም። የሰጡኝን ነው ያስገባሁት» አላት።

«ማታ ሁለተኛው ደወል ሲመታ የት ነበርክ?»

«ማረፊያዬ። ተኝቼ።»

የኋላ ወንበሩን አየችው። ሁለት ካርቶን የታሸገ ዓሣ አለ። «ዓሣ ትወዳለህ ማለት ነው?»

«አዎ... ማለት፣ ለቤት።»

«ማረፊያ ቤት ያበላሃል፤ ለየትኛው ቤት?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መንደሩ ሄደች። ከጎረምሶቹ አለቃ ጋር የተጫወተችው አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም፣ ዶክተሩን፣ ሮፓቲን፣ ላኑኦላንና ሳሙን፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ ወረቀቱን ወደ ጉድጓዱ የሚያመላልሰው መኪና ቆሟል።

«ሚኒስትሩ ነገ ይመጣሉ። ይህ ነገር እስከ መቼ ይጎተታል?» አለ ዶክተሩ።

«እስኪያልቅ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልጀምር።» ፉአቲኖ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «አባባ ላፋኤሌ ከመሰላል አልወደቁም። መዝሙር ሲዘምሩ ነው ድምፃቸው የተቋረጠው፤ መዝሙር ላይ ያለ ሰው መሰላል አይወጣም፣ ያውም በነጠላ ጫማ፣ መነጽሩን አውልቆ። እዚሁ ተገፍተው ከዚህ ጠረጴዛ የብረት ጠርዝ ጋር ተላተሙ። ጠርዙ ተጠርጓል፤ የተጎተቱበት ወለልም ተወልውሏል። ጊዜው ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደወል መካከል ነው። ሳሙ ያኔ ጎጆው ውስጥ እየዘመረ ነበር፤ ድምፁን ከሕሙማኑ ክፍል ሰምተውታል።»

«ታዲያ ማን?» አለ ሳሙ።

«ላኑኦላ ከመንገዱ ማዶ ናት። በዚያ ሰዓት መንገዱን ለመሻገር በሃያ ጎረምሳ መካከል ማለፍ ነበረባት፤ ማንም አላለፈም። ሮፓቲ ደግሞ ዋሽቶኛል።»

ሮፓቲ ወደ በሩ አየ።

«ወዴት ነው? ቁጭ በል። ዋሽተኸኛል፣ ግን ከኀፍረት ነው። በሁለተኛው ደወል መኪናህን እየነዳህ መንደሩ መሀል ገባህ። አስቆሙህ። እስከ ሦስተኛው ደወል ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እንደ ተማሪ ገሠጹህ። ቅጣትህ ሁለት ካርቶን ዓሣ ነው።»

«የከተማ ሰው ነኝ፤ አላወቅኩም ነበር» አለ ሮፓቲ ጆሮው ቀልቶ። «ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።»

«ተስቆብህ መዳን ይሻላል። አሁን አንድ ሥራ አለ። ዶክተር ኢሳኮ፣ እባክዎ የአለቃ ቱኢሌፋን ካርድ ያምጡልኝ።»

«እኔ? ነግሬዎታለሁ፤ የት እንዳለ አላውቅም።»

«ቢፈልጉት የት ይፈልጉታል?»

ዶክተሩ ሳያስበው ወደ መጨረሻው መደርደሪያ፣ ወደ ተዘረገፈው፣ ዞረ። ዞሮም ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየው።

«ላኑኦላ፣ አንቺ አምጪልኝ» አለች ፉአቲኖ።

ላኑኦላ ወደዚያ አላየችም። በሩ አጠገብ ወዳለው ወደ መጀመሪያው መደርደሪያ ሄደች፤ በጣቷ ቆጠረችና አንድ የነተበ ካርድ መዘዘች። «ነፍሳቸው ትማረኝና፣ አለቃን በልጅነት ስማቸው መጥራት ነውር ነው» አለች በዝግታ። «አሌኪ ነበሩ። አባባ የሁሉንም ሰው ካርድ የሚያስቀምጡት በጥምቀት ስሙ ነው። ማዕረግ ይወረሳል፤ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ቱኢሌፋ ይባላል። የጥምቀት ስም ግን ከሰውየው ጋር ይቀበራል።»

«ይህን ደግሞ ካርድ በእጁ አውጥቶ የሚያውቅ ነርስ ሁሉ ያውቃል» አለች ፉአቲኖ። «ሐኪም ግን ካርድ አያወጣም። አራት ዓመት ሙሉ ‹የአለቃ ቱኢሌፋን ካርድ› ብለው አክብረው ይጠራሉ፤ ሽማግሌው ሮጠው ያመጡልዎታል። እሳቸው ሲወድቁ የሚያመጣልዎት አልነበረም። ከግቢው ሳይወጡ፣ መንገድ ሳይሻገሩ እዚህ መድረስ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያንን መደርደሪያ ቅጠል በቅጠል በርብረው ሲያጡት፣ ነገ አብሮ ይቃጠላል ብለው ተጽናኑ። ካርዱ ግን ከወደቁበት አምስት እርምጃ ርቆ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በኖረበት ቦታ ነበር።»

ካርዱን ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን አይሰጥ» ይላል። ከጀርባው የአባባ ላፋኤሌ ደብዳቤና አራት ገጽ ዝርዝር ተሰፍቷል። ደብዳቤው ሥር በዶክተሩ እጅ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች፦ «አይቼዋለሁ። ለምረቃው ስለማይደርስ የድሮ ስሞች ይታለፉ። ኢሳኮ።»

 ዶክተሩ ራሱ መናገር ጀመረ።

«ካርዱን ስጡኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ለኮሚቴው እንጂ ለርስዎ አልሰጥም አሉኝ። ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬዎት ነበር› አሉኝ። ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋኋቸው።»

«ደማቸው ብዙ ነው» አለች ፉአቲኖ። «የሞተ ሰው ይህን ያህል አይደማም። ሲጎትቷቸው በሕይወት ነበሩ። እርስዎ ሐኪም ነዎት።»

ዶክተሩ ወደ ተወለወለው ወለል አየ።

ሳሙ ጮኸበት፤ «እኔ አርባ እርምጃ ላይ ነበርኩኮ! ብትጠራኝ ምን ነበር?» ላኑኦላ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ዝርዝሩን አንብበውት ነበር?» ጠየቀችው ፉአቲኖ፣ ዓይኗ ገጾቹ ላይ እንዳለ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም ነው። አላነበብኩትም።»

«ቁጥር አሥራ አራትን ያንብቡት።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ።  ሮፓቲ ጎንበስ ብሎ በትከሻው በኩል አየና ፊቱን አዞረ። የዶክተሩ የገዛ አባት ነበሩ፤ የጥምቀት ስማቸው፣ ማዕረጋቸው፣ ከጎኑም የአንድ መድኃኒት ስምና በአባባ ላፋኤሌ ቀይ ብዕር «ይህን መድኃኒት ቢወስዱ ይሞታሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ።

«ኮምፒውተሩ ላይ...» አለ ዶክተሩ።

«በማዕረጋቸው ብቻ ነው ያሉት፤ ባዶ ነው» አለ ሮፓቲ።

ዶክተር ኢሳኮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ፖሊሶች ሲወስዱት በመስኮቱ በኩል አለፈ፤ አባቱ ከወንበራቸው ሆነው «ቶሎ ተመለስ ልጄ» አሉት።

ፉአቲኖ ወረቀት ጫኙን መኪና ባዶውን መለሰችው። ወደ ክፍሉ ስትገባ ላኑኦላ ካርዱን ታቅፋ ቆማለች።

«ነጻ ነሽ ልጄ። ለኮሚቴው እኔ ራሴ እነግራለሁ።»

«እሺ» አለች ላኑኦላ። «ግን መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ። ስወጋቸው እጄን ይዘው ‹አይዞሽ፣ አልፈራም› ብለውኝ ነበር።»

  ላኑኦላ ዓይኗን ጠርጋ ከካርዱ ጀርባ ዝርዝሩን ገለጠች፤ በክፍሉ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ፊት ለሮፓቲ ወንበር ሳበችለት።

«እኔ አነባለሁ፣ አንተ አገናኝ። አሥራ አራተኛውን አስቀድም፤ ማታ መድኃኒት ይወስዳሉ።»

ሮፓቲ እጅጌውን ሰብስቦ መጻፍ ጀመረ።