ሦስት ደቂቃ በሮካ ሳልቪያ

ጂልዶ ባርቶሉቺ ሞቶ የተገኘው በገዛ የቲማቲም መደቡ ላይ ነው፤ በቀኝ እጁ ቀይ እርሳስ ጨብጦ፣ በግራ እግሩ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጎ። የካስቴል ሩቢኖ ቤቶች በኮረብታው አናት ላይ ተቃቅፈው ሲቆሙ፣ የጂልዶ በረንዳ ከሁሉም ወጣ ብሎ ገደሉን ቁልቁል ያያል። ከዚያ የወደቀ ሰው መሬት እስኪደርስ ድረስ የዕድሜ ልክ ኃጢአቱን ተናዞ ይጨርሳል።

ማሬሻሎ ኢላሪዮ ስካርፓ ሲጠራ የእሁድ ምሳውን ገና አልቀመሰም ነበር። በኡምብሪያ ኮረብታዎች ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ የካራቢኔሪ ፖሊስ ሹም ነው፤ ከሮም እስከ አልፕስ በረዶ ድረስ እንደ እሱ ያለ አፍንጫ አልተፈጠረም ቢባል ማጋነን አይደለም። እንዲያውም ሲያንሰው ነው።

በረንዳው ላይ ወጥቶ ግንቡን በወገቡ ለካው። ወገቡ ድረስ ይደርሳል። ሁለተኛው ነጠላ ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ተገልብጧል፤ አጠገቡ የሸሚዝ ቁልፍ ከነክሩ ተበጥሶ ወድቋል።

«ተደናቅፎ ነው?» አለች ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሮ ኮርናኪያ።

«ተደናቅፎ የሚወድቅ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ በጥሶ አይሄድም፣ እመቤቴ። ገፍተውታል።»

«እንግዲያው የገፋችውን አውቃለሁ። የእህቱ ልጅ ፊያሜታ ጠዋት ስትጮህበት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። የጂልዶ መኪና ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ተገኝቷል። የት እንደዋለች የሚመሰክርላት የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዣት እሄዳለሁ።»

ማሬሻሎው ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ፊያሜታን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ቢሆንም ትውውቅ ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይሆንም።

በጠረጴዛው ላይ የአልጋ አንሶላ የሚያህል ካርታ ተዘርግቷል። ጂልዶ ጡረታ የወጣ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ሰኔ በመጣ ቁጥር ጓደኞቹን በአሮጌ መኪኖች አሰልፎ ሰባት የኮረብታ መንደሮችን በአንድ ቀን ያዞራቸዋል፤ ዕቅዱን ሲያወጣ ደግሞ የየኩርባውን ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ቡና ሲጠጡ ጥላው በየትኛው ወንበር ላይ እንደሚያርፍ ያሰላ ነበር። ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው እያንዳንዱ ሰው የተመደበለትን መንገድ ብቻውን ነድቶ ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ ያመጣል። የዘንድሮው የሙከራ ቀን ዛሬ ነበር።

ካርታው ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር አለ። ቀዩ መስመር ሮካ ሳልቪያ መንደር በር ላይ ሲደርስ አይገባም፤ በወይራው ማሳ በኩል ዞሮ ያልፋል።

ማሬሻሎው ከተጓዦቹ መጀመሪያ ያስጠራው ዶክተር ቴዎባልዶ ግራሴሊን ነው። ዶክተሩ የኮረብታውን ሕዝብ ግማሽ በእጁ ያዋለደ፣ ነጭ ኮቱ በምድጃ አጠገብ እንኳ የማይጨማደድ ሰው ነው።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ» አለ። «ጂልዶ ቤት ጨርሶ አልደረስኩም። ስመለስ ነው መርዶውን የሰማሁት። ወረቀቴ ይኸው፣ ደቂቃ በደቂቃ።»

ማሬሻሎው አነበበ። «አራት ሰዓት ከአምስት፦ የሮካ ሳልቪያ የላይኛው በር። አራት ሰዓት ከስምንት፦ የታችኛው በር። ዋናው ጎዳና ሦስት ደቂቃ፤ መንገዱ ደህና ነው። ከሐሙስ የቀረ የአበባ ትራፊ በዳር በዳሩ ይታያል።»

«ዶክተር፣ እርስዎ እኮ ለአበባው ሳይቀር ይጨነቃሉ!»

«ሥራ ከተሠራ እንዲህ ነው።»

ሮካ ሳልቪያዎች ግትሮች ናቸው። የቅዱስ ቁርባንን በዓል አገር ሁሉ እሁድ ሲያከብር፣ እነሱ «ከሐሙስ ውጭ ሞተን እንገኛለን» ብለው በሐሙስ ጎዳናቸውን ከላይ እስከ ታች በአበባ ቅጠል ያነጥፋሉ። ይህን በኮረብታው ላይ የማያውቅ የለም።

ቀጥላ የመጣችው የጂልዶ ጎረቤት አሮጊት ዞራይዴ ናት፤ ሳትጠራ ነው የመጣችው።

«እማማ ዞራይዴ፣ ምን ሰሙ?»

«ምን ያልሰማሁት አለ ልጄ! ሁለት ሰዓት ላይ ያቺ ልጅ ‹ያ ጉዞ እናቴን በልቷል፣ አንተንም ይብላህ!› እያለች ጮኸች። በሩን ስትዘጋው የእኔ ድስቶች ከግድግዳ ወረዱ። ከዚያ የአራት ሰዓቱ የቅዳሴ ደወል ሲደወል ዷ! የሚል ነገር ሰማሁ። ዱባ የወደቀ መሰለኝ።»

«ወጥተው አላዩም?»

«በየትኛው ወገቤ? ጣቴን አታየውም?» እጇን ዘረጋች። አሥሩም ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቢጫ ናቸው። «ሐሙስ የወረደው በረዶ የሳምንት ልፋታችንን አፈር አበላው። አርብና ቅዳሜ ጎንበስ ብዬ እንደገና ስለቅም ውዬ፣ ትናንት ሦስት ቅርጫት ለእህቴ ላክሁላት። ጂልዶ ነፍሱን ይማረውና ቅርጫቱን አይቶ ምንድን ነው አለኝ። ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ እርሳሱን ሊያመጣ ሮጦ ገባ።»

ማሬሻሎው ቢጫ ጣቶቹን ትክ ብሎ አያቸው። ምሳ አለመብላቱን ረሳው።

ሥጋ ሻጩ ኦቶሪኖ በሩን በጎኑ አልፎ ገባ፤ ፊት ለፊት አይበቃውማ። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በአጎቱ ልጅ ቤት የተጠበሰ ጥንቸል ሲበላ አርባ ሰው አይቶታል።

«አንድ ጥንቸል ነው የበላኸው?» አለ ማሬሻሎው። ሁለቱ በየማክሰኞው አብረው ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው።

«አትቀልድብኝ ኢላሪዮ፣ ጓደኛዬ ሞቶ!» ዓይኑን በመሐረብ ጠራረገ። ወዲያው የጉዞውን ካርታ ሲያይ ግን ደሙ ፈላ። «ይሄ ምንድን ነው? በወይራው ማሳ? ይሄማ የበቅሎ መንገድ ነው! የመኪናዬን ሆድ ሊያስቀድደው ነበር?»

«ሰሞኑን ጂልዶ ምን ሲያደርግ ከረመ?»

«ከመንገድ ጠባቂው የድሮ መዝገብ ተውሶ ሲያነብ። ለምን ስለው ‹የኖርማን ሳምንት እየፈለግሁ ነው› አለኝ።»

ኖርማ የጂልዶ እህት፣ የፊያሜታ እናት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት በዚሁ ጉዞ ላይ ፎሳ በሚባለው ኩርባ የመንገዱ ደጋፊ ግንብ ከሥሯ ተንዶ ከነመኪናዋ ገደል ገባች። ሕዝቡ «ፈጥና ነው» አለ፤ እንደተባለም ቀረ።

ፊያሜታ በመጨረሻ ገባች። አላለቀሰችም።

«ጮኸሻል?»

«ጮኼአለሁ።»

«ቁልፉንስ ምን ልታደርጊበት ወሰድሽው?»

«ዓይኑ ደክሟል። እሱም ተከትሏት እንዳይሄድ ፈራሁ።»

«ከዚያ የት ዋልሽ?»

«ፎሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ረግጬው አላውቅም። የጮህኩበትም ሂጂ ስላለኝ ነው። ‹ሂጂና ግንቡን እይው፤ ስትመለሺ የምነግርሽ ነገር አለ› አለኝ። ቁጭ ብዬ እስከ ስድስት ሰዓት አየሁት።»

«ማን አየሽ?»

«እናቴ።»

ማሬሻሎው ተነሥቶ በሩን ከፈተላት።

ብቻውን ሲቀር የጂልዶን የወረቀት ሣጥን ከፈተ። የሃያ ዓመት የሙከራ ወረቀት በየሰውና በየዓመቱ ተሰድሯል። አገላበጠ። የዶክተሩ ወረቀቶች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ዓመት የለም።

ከመደርደሪያው ላይ በመንገድ መጻሕፍት መካከል የተሸጎጠውን የመንገድ ጠባቂውን መዝገብ አወረደ። አንድ ገጽ አነበበ፣ ዘጋው፤ ውኃ ጠየቀ። ከዚያ ለሮካ ሳልቪያ ቄስ ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በአንድ ሌሊት ተራራ ያፈለሰ ሰው ይመስል ነበር።

«እመቤቴ» አላት ዐቃቤ ሕጓን፣ «አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ሮካ ሳልቪያ እንሂድ። አንድ መኪና ለመፈተሽም ፈቃድዎን እፈልጋለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪኖቹ ከመንደሩ በታች ቆሙ። ማሬሻሎው በቅጥሩ ጥግ ባለችው ቀጭን የእግር መንገድ እየመራ ሁሉንም ወደ ላይኛው በር አወጣቸው። ኦቶሪኖ ያለከልካል። ዶክተሩ ኮቱን ያራግፋል። ፊያሜታ በሁለት ፖሊሶች መካከል ናት። ዞራይዴ ማን እንደጠራት ባይታወቅም ከሁሉ ፊት ቆማለች።

«ዶክተር» አለ ማሬሻሎው፣ «ዛሬ ጠዋት በዚህ በር ገብተው በዋናው ጎዳና ሦስት ደቂቃ ነድተዋል። እስቲ ያሳዩን።»

በሩን አልፈው ቆሙ።

ጎዳናው መሬት አልነበረውም። ከላይኛው በር እስከ ታችኛው በር፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፤ ርግብ፣ ጽዋ፣ የስንዴ ነዶ፤ ሁሉም ከአበባ ቅጠል። ድመት እንኳ አልረገጠውም። ሴቶቹ በየደጃፋቸው ተቀምጠው እየጠበቁት ነው፤ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይቆጣጠራሉ።

«መቼ ነው ያነጠፋችሁት?» አለ ማሬሻሎው።

«ሌሊት ጀምረን ንጋት ላይ ጨረስን» አለች የዞራይዴ እህት። «ሐሙስ በረዶ ከለከለን፤ በአንድ መቶ ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው! ቄሱ ሳያልፉ ጎማ የሚያልፍበት በእኔ ሬሳ ላይ ነው።»

የዶክተሩ ፊት ከኮቱ ጋር አንድ ሆነ።

«ተሳስቼ... በሌላ መንገድ...»

«ወረቀትዎ ‹ዋናው ጎዳና› ይላል። የሐሙስ ትራፊም አይተዋል፤ ሐሙስ ዕለት ግን አንዲት ቅጠል አልተነጠፈችም። ሐሙስ እንደሚያነጥፉ ያውቁ ነበርና ወረቀቱ እውነት እንዲመስል ከራስዎ ጨመሩበት። ታዲያ የአራት ሰዓቱ ደወል ሲደወል እዚህ ካልነበሩ የት ነበሩ?»

ዶክተሩ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«ጂልዶ እርስዎ መንገዱን ሳይነዱ ከቤትዎ ቁጭ ብለው ሰዓት እንደሚጽፉ ጠርጥሮ ነበር» አለ ማሬሻሎው። «በዞራይዴ የአበባ ቅርጫት የሳቀው ለዚህ ነው፤ ጎዳናው ዛሬ እንደሚነጠፍ አውቆ ወጥመድ አገኘ። የራሱን መስመር በማሳው በኩል አዞረና ለእርስዎ ሳይነግር ይህን መንገድ ሰጠዎት። ካርታውን ልብ ብለው ቢያዩት ኖሮ ይድኑ ነበር። እርስዎ የፈለጉት ግን አንድ ወረቀት ብቻ ነው።»

መዝገቡን ገለጠ።

«የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የሙከራው እሁድ፦ ‹ፎሳ ኩርባ ላይ ድንጋይ ወርዶ መንገዱ ከንጋት እስከ ምሽት ተዘግቷል፤ ደጋፊው ግንብ ተሰንጥቋል።› ያን ቀን ፎሳን የተመደቡት እርስዎ ነበሩ። ወረቀቱን ዛሬ ከመኪናዎ መሪ ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር አገኘነው፤ ለማቃጠል ጊዜ አላገኙም።» ቢጫ የሆነ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «‹ፎሳ፦ አራት ደቂቃ። መንገዱ ደህና ነው።› ሄደው ቢሆን ኖሮ ስንጥቁን ያዩ ነበር፣ ጂልዶም መንገዱን ይቀይር ነበር። ኖርማ በሳምንቱ በዚያ አለፈች። ዛሬ ጂልዶ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየዎት።»

«ሊነግራት ነበር» አለ ዶክተሩ ወደ ፊያሜታ እያየ። «ለእሷ ሊነግራት ነው አለኝ። ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት፣ እምቢ አለ፣ ያዝኩት... ኮረብታው ሁሉ እጄን ይስም ነበር እኮ!»

«ግማሹን አዋለድህ» አለ ኦቶሪኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብሎት። «ኖርማን ደግሞ በእርሳስ ገደልካት።»

ፊያሜታ ወደ ማሬሻሎው ዞረች።

«ፈጥና አልነበረም?»

«አልነበረም፣ ልጄ። እናትሽ የታዘዘችውን ነው የነዳችው።»

ያኔ አለቀሰች። ዐቃቤ ሕጓ ራሷ መጥታ የጂልዶን የመኪና ቁልፍ በመዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ደወለ። ቄሱ ከታችኛው በር ገቡ። እስረኛውን ሊወስድ ላይኛው በር ላይ የደረሰው የፖሊስ መኪና በጎዳናው ወደ ከተማው ሊያልፍ ነበር፤ የዞራይዴ እህት ግን እጆቿን ዘርግታ ለካራቢኔሪም እንደማትከፍት አሳወቀች። አማራጭ አልነበረም፤ በወይራው ማሳ በኩል መዞር ግድ ሆነ። ዶክተሩ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጦ፣ ጂልዶ በቀይ የሳለውን የበቅሎ መንገድ እየተንገጫገጨ ሄደ።

ፊያሜታ ከበሩ ጫፍ ቆማ አቧራው ማሳውን ሲዞር በዓይኗ ተከተለች። የእጅ ሰዓቷን አየች። መኪናው ከታች ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ከኦቶሪኖ እርሳስ ተቀብላ በወረቀት ላይ ጻፈች።

«ምንድን ነው?» አለ ኦቶሪኖ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች፤ ፈረመችበትም። «ለሚቀጥለው እሁድ ነው። የመኪናህ ሆድ ይችለዋል።»