የባሕር ወይፈን

ሀዊ የማርከሩን ክዳን ከከፈተች ቆይታለች፤ ግን ገና አልጻፈችም። በካርቶኑ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሥዕሉ የክፍል ጓደኛዋ የዮሳዲቅ ነው፤ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ አፉ የጎተራ ደጃፍ የሚያህል፣ የጅቡቲ ሰው በፈረንሳይኛ «ረካን ባሌን» የሚለው ግዙፍ ሻርክ። ቲቸር ጀንበሬ የእጅ ጽሕፈቷን ስለሚወዱት ካርቶኑን ለእሷ ሰጥተው፣ ከሥሩ በትልቁ «ኮርማ» ብላ እንድትጽፍበት አዘዋታል። ዮሳዲቅ ከሥዕሉ ጎን በለጠፈው ጽሑፍ እንዲያ ብሎታልና።

ጽሑፉን እንደገና አነበበችው። «ከአባቴ ጋር በጀልባ ወደ አርታ ባሕር ዳርቻ ሄድን። ኮርማው ከፊት ይመራል፤ ላሞቹ ጥጆቻቸውን መሃል አድርገው ይከተሉታል።»

ሲያነብላቸው ክፍሉ በአድናቆት ጸጥ ብሎ ነበር። ሀዊን ግን ያን ዕለት ሌላ ነገር ከነከናት፤ በባሕር የሚኖር ፍጡር ኮርማ ይባላል? የሳይንስ መጽሐፋቸው «ተባዕት» ይላል፤ ትክክል ቢሆንም የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ስም ይመስላል። «አውራ» ብትል የዶሮ ኩኩሉ ተሰማት፤ «ወንዴ» ብትል ፍሬ የማይሰጠው የአክስቷ ፓፓያ ታያት። እያንዳንዱ ቃል የተወለደበትን መንደር አፈር በእግሩ ይዞ የሚመጣ ነው፤ ባሕር ሲገባ ምን ይሆናል?

መጠየቂያ ቦታ ነበራት። እናቷ ውቢት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር፣ የባሕር እንስሳትን በምታጠና ፈረንሳዊት ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች። ሀዊ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሌላ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ስለምትኖር እናቷን የምታያት አርብ አርብ ነው። የዛሬው አርብ ደግሞ የወላጆች ቀን ዋዜማ ነበር፤ ካርቶኑ ነገ ጠዋት ግድግዳ ላይ መዋል አለበት።

ሀዊ ካርቶኑን ይዛ ሄደች። ፈረንሳዊቷ ማዳም ስለ ወንዱ ሻርክ መጠየቋን ስትሰማ ደስ አላት። ኮምፒውተሯን ከፍታ ከሥር የተነሡ ፎቶግራፎችን አሳየቻት፤ ወንዱ ከሆዱ በታች ባሉት ሁለት ዘንጎች እንደሚለይ፣ እነሱ አጫጭር ሲሆኑ ደግሞ ገና ለአካለ መጠን አለመድረሱን እንደሚያመለክቱ አስረዳቻት። ሀዊ ስለ ላሞቹና ጥጆቹ ስትጠይቃት ሴትየዋ ሳቀች። እዚህ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት ከሞላ ጎደል ወጣት ወንዶች ናቸው አለች፤ ሴት እምብዛም አይታይም፤ ግልገል ያስከተለች እናት የምትባል የለችም፤ ምግብ ቢያሰባስባቸውም የሚመራቸው የለም። ትልልቆቹ ወንዶችስ? ማዳም ትከሻዋን ሰበቀች። የት እንደሚውሉ ገና በቅጡ አይታወቅም።

እናቷ ከጎን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ሀዊ ወደ እሷ ዞራ፣ ኮርማ ማለት ወንድ ማለት ብቻ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አይ ሀዊዬ» አለች ውቢት ካውያውን አቁማ። «ኮርማማ ለዘር የተተወ ነው፤ ዘሩ በደጅ ሲቦርቅ ይታያል። ገና ያልጠናው፣ ገና ያልተጠመደው ወይፈን ነው።»

ሀዊ ቃል ፍለጋ ወጥታ የጓደኛዋን ውሸት ይዛ ተመለሰች። ላሞችና ጥጆች ከሌሉ ዮሳዲቅ አርታም አልሄደም ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ ስታስበው፣ «ኮርማ» ብትጽፍ የራሷም እጅ በውሸቱ ይገባበታል፤ ለቲቸር ብትናገር ዮሳዲቅ የክፍሉ መሳቂያ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ነገ ነበር። የዮሳዲቅ አባት ጋሽ ደስታው የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ዛሬ ማታ ወደብ ይገባሉ፤ ነገ ሰው ሁሉ ባለበት ያልሄዱትን ጉዞ ግድግዳ ላይ ያነቡታል።

ካርቶኑን ጠቅልላ ወደ ዮሳዲቅ ግቢ ሄደች። በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጨረስሽው እንዴ?»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቃሚ» አለችው። «እዚህ ባሕር ላም የለም፣ ዮሲ። ጥጃም የለም።»

«አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ።»

ማዳም ያለቻትን አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ በሰንደል ጫማው አፍንጫ አሸዋውን ይጭር ጀመር።

«ነገ አባትህ ያነቡታል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የት የሄድነውን ነው ቢሉስ?»

«እንዲያነበው እኮ ነው የጻፍኩት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እየቆራረጠ ነገራት። አባቱ በመጡ ቁጥር አርታ እወስድሃለሁ ይላሉ፤ አንዴ የጭነት ተራቸው ይደርሳል፣ አንዴ ድካም ይጥላቸውና ከመኪናው ሥር ይተኛሉ። አፍ አውጥቶ መጠየቁ ስላሳፈረው ጽሑፉ እንዲጠይቅለት ፈለገ። ላሞቹና ጥጆቹም አባቱ ስለ ትውልድ ቀያቸው በስልክ ከሚያወጉት የተወሰዱ ነበሩ፤ አርታን ሳያይ ባሕሩን በሚያውቀው ከብት ሞላው።

ሀዊ አርብን መጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ጽሑፉን ንቀለው» አለችው በመጨረሻ። «ሥዕሉ ይቆይ።»

«ባዶ ይሆናላ።»

«አይሆንም።»

እያመነታ ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠ፤ አጥፎም ኪሱ ከተተው። እሷ ካርቶኑን ደረጃው ላይ ዘርግታ ከሥዕሉ ሥር «ወይፈን» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ በተነቀለበት ቦታ ላይ ደግሞ፦ «ወይፈኖቹ እዚህ ናቸው። ኮርማዎቹ የት እንደሚውሉ ገና አልታወቀም።»

ዮሳዲቅ ደጋግሞ አነበበው።

«ይሄ ስለ ሻርክ ነው?»

«ስለ ሻርክ ነው። ማዳም ናት ያለችው።»

ራሱን ነቀነቀ። ኮርማው ለምን እንደተለወጠ፣ እሱም ምንም እንዳላየ ለቲቸር ራሱ እንደሚናገር ቃል ገባላት። ከዚያ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ዓይኖቹን አጥብቦ ካርቶኑን አየው።

«ፊደሉ ቀጥኗል» አለ። «አባቴ ሁልጊዜ የክፍሉ በር ጋ ነው የሚቆመው፤ ከዚያ አይነበብለትም።»

ሀዊ የማርከሩን ክዳን እንደገና ከፈተችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታወፍራቸው ጀመር።