ሽማግሌዎቹ የመጡበት ጉዳይ

ሲራክን የወደድኩት ጉልበቱን ታሞ ነው። ኮሎምበስ ከተማ፣ ፖላሪስ አካባቢ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እህት፣ ይሄ ጉልበት ስንት ዓመት ያጫውተኛል?» አለኝ።

«ካሳረፍከው አምስት፣ እንዲህ ካሮጥከው ሁለት» አልኩት።

ሳቀ። የሚያምር ሳቅ ነበረው። ዛሬም አለው፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ።

ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ካናል ዊንቸስተር ካለው መጋዘን ዕቃ ሲያነሳ ይሰነብትና፣ ቅዳሜ የኮሎምበስን የሐበሻ ቡድን አሥር ቁጥር ለብሶ ይገባል። አሰልጣኙ ታላቅ ወንድሜ ኤርምያስ ነው፤ ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ። ስም ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ተጫዋች ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ መልቀቂያው ላይ የምፈርመውም እኔው።

ሲራክ ሩጫ የለውም፤ ድሮም አልነበረውም። ያለው ዓይን ነው። ኳሷ ሳትደርሰው በፊት ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚያ ማንም ልብ ያላለውን ክፍተት አግኝቶ በአንድ ንክኪ ይልካታል። አጥቂዎቹ «አንተ ሩጥ ብቻ፣ ኳሷ ታገኝሃለች» ይባባሉ ነበር። ጎል ሲገባ ሁሉም ወደ አግቢው ሲሮጥ እሱ ቀና ብሎ እኔን ይፈልጋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተያየን፣ ተዋደድን፣ ሰውም አወቀ።

ዘንድሮ ግን ከስድሳኛው ደቂቃ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ ማድረግ አመጣ። ዓይኑ ክፍተቱን ያያል፣ እግሩ ዘግይቶ ይደርሳል። የሃያ ዓመት ልጆች ኳሷን እየነጠቁት ያልፋሉ። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ኤርምያስ የየከተማው የሐበሻ ቡድኖች በየዓመቱ የሚገናኙበትን የጁላይ ቶርናመንት አሰላለፍ ነገረኝና ጻፍኩት። ሲራክ፣ ተጠባባቂ።

«እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ማራኪ፤ አንቺ ዝም በይ» አለኝ ወንድሜ። ዝም አልኩ። እሱም መናገሩን ፈርቶ የሲራክን ስልክ ማንሳት ተወ።

በዚያው ሳምንት ሲራክ እጄን ይዞ፣ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ።

ፋሲካ አልፎ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ብዙነህ ለእማዬ ደወሉ። «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለአንድ ጉዳይ እንመጣለን፣ ሦስት ነን» አሉ። ሠላሳን የተሻገረች ልጅ ያለችበት ቤት ሦስት ሽማግሌ ለሌላ ለምን ይመጣል? እማዬ ፎረስት ፓርክ ያለውን ቤታችንን ሁለት ቀን ስታጥብ ሰነበተች። ኤርምያስ አባታችንን ተክቶ ሊቀበል ክራቫት አሰረ። እኔ ጥለት ያለው ቀሚሴን ለብሼ ደረጃው አናት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለጋብቻ የምትጠየቅ ልጅ ፊት ለፊት አትታይም።

ሦስቱም በወጉ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የእማዬ ድምፅ በደስታ ሲንቀጠቀጥ እሰማለሁ።

«ልጃችን ሲራክ ልኮን ነው» አሉ ጋሼ ብዙነህ።

ጉንጬ ጋለ።

«አሥር ዓመት ለኮሎምበስ ደክሟል። አሁን ሲንሲናቲዎች ቋሚ ተሰላፊ እናደርግሃለን ብለውታል። ሥራውንም ወደዚያው ትራንስፈር አድርጓል፣ አፓርትመንትም ይዟል። ኤርምያስ፣ ደጋግሞ ቢደውልልህ አታነሳለትም አለን። እኛም መልቀቂያውን ልንለምናችሁ መጣን።»



«ሌላስ?» አለች እማዬ።

«ሌላ የለም፣ እትዬ ላቀች።»

ፊርማው የእኔ ስለሆነ ኤርምያስ ጠራኝ። ወረድኩ። ጋሼ ብዙነህ ቀሚሴን አዩ፣ እማዬን አዩ፤ ያወጡት እስክሪብቶ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ወይ ልጄን» አሉ ቀስ ብለው።

«ነገ ራሴ እሰጠዋለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ያለቀስኩት ክፍሌ ገብቼ ቀሚሱን ሳወልቅ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ የልምምድ ሜዳው ፓርኪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ሊስቱን አይቼዋለሁ፣ ማራኪ። ተጠባባቂ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አብረሽኝ እየበላሽ አንድ ቃል አልነገርሽኝም።»

እውነቱን ነው። አፈርኩ። «ልነግርህ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«በጣም ሃርት አደረገኝ፣ ልቤ ተጎዳ። ለዚህ ነው ለመሄድ የወሰንኩት።»

አንገቴን ደፋሁ። በደሌን እያሰብኩ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«የአፓርትመንቱን ውል መቼ ሳይን አደረግክ?»

መሪውን ጨበጠ።

«ሲራክ?»

«ማርች ላይ» አለ።

ሊስቱን የጻፍኩት ኤፕሪል ነው። ሽማግሌ እልካለሁ ያለኝም ኤፕሪል ነው። አሁን ደግሞ ጥፋቱን እኔ ላይ ጥሎ ይቅርታ አስጠየቀኝ!

«ታዲያ እጄን ይዘህ ያን ሁሉ ለምን አልከኝ?»

«የምትፈርሚው አንቺ ነሽ» አለ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። «ከተቀየምሽኝ አትለቂኝም ብዬ ፈራሁ። አንድ ጁላይ ነው የቀረኝ፣ ማራኪ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራኝም። ግን እወድሻለሁ። እሱ ውሸት አይደለም።»

ይሄንንም ማመኔ ነው ያናደደኝ። ወደ አንድ በኩል እያየ በሌላ በኩል ማቀበል ሥራው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጨበጭብለት እኔንም እንደ ተከላካይ ያታልለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልቅደደው አልኩ፤ ከእጁ አንድ ጁላይ መንጠቅ ነው። በቀሉ ሊጣፍጠኝ ይገባ ነበር፣ ግን ያ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ ያየሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ፈረምኩለት።

ፊቱ በራ። እንዲያ ሲበራ ማየት ከሁሉም በላይ ጎዳኝ።

«ከጁላይ በኋላ» አለ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ «ላንቺ እልካለሁ። ፕሮሚስ። ጋሼ ብዙነህን ራሳቸውን።»

በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«አትላክ» አልኩት። «የሚያፍሩብኝ ጋሼ ብዙነህ አይደሉም፤ አንተን ብዬ ያን ቀሚስ እንደገና ብለብስ በራሴ የማፍረው እኔ ነኝ።»