ወላጅ አልባዋ ገጽ

ካልሲው የእሷ አልነበረም።

ዱሉት በምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ፣ በሳንቲም በሚሠራው የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ድርጭት የምትባለው ሰላይ እርጥብ ልብስ ወደ ቅርጫቷ እየገለበጠች ነበር። ከአንሶላው መሀል አንድ ግራጫ ካልሲ ወደቀ። ጠጣር ነገር አለበት። ፍላሽ ነው።

አጠገቧ ያለው ሰውዬ ፎጣ ያጥፋል። አለቃዋ ነው፤ የስለላ ስሙ ጥድ። አልተያዩም።

«የሽማግሌው ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ተዪው» አለ ጥድ። « ከማውጫው ይነሳና ማያያዣውን እየተከተለ ገጹን ሁሉ ይቀዳል። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

«ልጁን ስታገኟት ልትጠብቋት ነው አይደል? ቃልህ እሱ ነበር።»

«ሐሙስ ችሎት ቆማ የቢሯችንን ጉድ ልትዘረግፍ ነው። የምን መጠበቅ?»

«አባትየውስ?»

«ያለችበትን የሚያውቅ ከሆነ እሱንም እናመጣዋለን። ሽማግሌ ቶሎ ይናገራል።»

ሸውደዋታል።

ቢሮው ድርጭት ይላታል። አርኔ ሶልቤርግ ግን ኖርማ ብሎ ነው የሚጠራት፤ አስታማሚው ናት። አርኔ ጡረታ የወጣ የመርከብ መሐንዲስ ነው። አእምሮው ሲከዳው ሕይወቱን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ፤ የገዛ ራሱን ዊኪ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ገጾች ያሉት መዝገብ፣ ሠራ። ለሟች ሚስቱ አንድ ገጽ፣ ለጀልባው አንድ ገጽ፣ ዓሣ በጭስ ለማድረቅ እንኳ አንድ ገጽ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት፣ ሲጫኗቸው የሚከፍቱ ሰማያዊ ቃላት ናቸው። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ ቢሮው እሷን ቤቱ ያስገባት ለዚህ ነው። ሐይቁ በረዶ ሠርቶ እስኪቀልጥ ድረስ አብራው ተቀምጣ ገጾቹን ስታያይዝለት፣ የገጾቹን ስም የሚዘረዝረውን ማውጫ ስታሰናዳለት ከረመች።

«ደግሞ ማያያዝ ረሳሽ!» ይላት ነበር እየሳቀ። «ከየትም የማይደረስበት ገጽ ወላጅ አልባ ነው፣ የኔ ልጅ። መኖሩን አለ፤ ግን ማንም አያየውም። ለኔ ቢጤው ዝንጉ ደግሞ ማውጫው ላይ የሌለ ነገር በዓለምም ላይ የለም።»

ጠዋት ጠዋት ማውጫውን ከላይ እስከ ታች ያነባል። ሲግሪድ የሚለው ላይ ሲደርስ ይከፍተዋል። «ሲግሪድ ልጅህ ናት። በሕይወት አለች፤ አትፍራ» ይላል ገጹ። ቀጥሎ የተደበቀችበት ቦታ አለ፤ እሷው ተሰናብታው ስትሄድ ነግራው ወዲያው የጻፈው ነው። ድርጭት ካነበበችው ቆይታለች። ለጥድ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሽማግሌውን ወዳዋለች፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

ከሰዓት በኋላ አርኔ ሶፋው ላይ ሲያንቀላፋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ አድራሻውን ብቻ ላጥፋው ብላ ነበር። ግን ገጿን ባነበበ ቁጥር ቦታው ከነመንገዱ ይመጣለታል፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያወራዋል። ጥድ ደግሞ ገጽ እንዳላት ካየ ሽማግሌውን አንጠልጥሎ ይወስደዋል።

መቁረጥ አለባት። ሁሉንም።

ከጀልባው ገጽ። ከገናው ገጽ። ከእናቷ ገጽ። ሰማያዊዋ ሲግሪድ በየገጹ ተራ ጥቁር ቃል ሆና ቀረች። ገጿን ለማጥፋት ግን እጇ እምቢ አላት፤ እንዳለ ተወችው። ማውጫው ብቻ ቀራት።

«ኖርማ?»

አርኔ ከኋላዋ ቆሟል።

ክው አለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስተካከልኩልዎት ነው፣ ጋሼ።»

ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለና ሾርባውን ሊያሞቅ ገባ።

እንባዋ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እየተንጠባጠበ ማውጫው ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ማያያዣ ቆረጠች። ከዚያ ፍላሹን ሰካች።

በማግስቱ ጥድ መኪናው ውስጥ ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ፈተሸ። ድርጭት የቆሻሻ ከረጢት ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«ስሟ አልፎ አልፎ አለ። ገጽ ግን የላትም። ሰውዬው የገዛ ልጁን ረስቷል!»

«ነግሬህ ነበር። ዝንጉ ነው።»

«እንግዲህ ተዪው። በየሳምንቱ ግን ሰው ልከን እናስቀዳለን፤ ምናልባት ትዝ ካለችው። ዕቃሽን ይዘሽ ነይ።»

ስለዚህ የሲግሪድን ገጽ መልሳ ልታያይዘው አትችልም። መቼም።

ሻንጣዋን ልትይዝ ገባች። አርኔ ማውጫውን እያነበበ ነው። ጣቱ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ አነሳ።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?»

ውጭ የመኪናው ሞተር አልጠፋም።

«የጎረቤት ልጅ መሰለችኝ፣ ጋሼ።»

«ደስ ስትል» አለ። «ወላጆቿ ታድለው።»

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ውሸት ነው። ፎቶውን አስቀመጠው፤ መልሶ አነሳው፤ ደረቱ ላይ ደግፎ ሐይቁን ያይ ጀመር።

ማውጫው ላይ ኖርማ የሚል ስም አለ። ከፈተችው። «መልካም ሰው ናት። እመናት።»

እሱንም ቆረጠችው።

ሐሙስ ዕለት፣ ሌላ ከተማ አውቶቡስ ተራ ውስጥ፣ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ አሁን ድርጭትም ኖርማም ያልሆነች ሴት ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ቀና ብላ አየች። ሲግሪድ ሶልቤርግ መስክራ ከችሎት ስትወጣ ጋዜጠኞች ከበዋታል። «አሁን ወዴት ነሽ?» አላት አንዱ።

«ቤት ነዋ» አለች ሲግሪድ፣ እየሳቀች። «አባቴ ይጠብቀኛል።»

ሴትዮዋ ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።